ከየቱ እንጀምር ላልከው የሞጣ ወንድሜ፦ መጀመሪያ ወሩን እዩት

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼዋለሁ፣ ከሞጣ ዘጠኝ ጓደኛሞች ሆናችሁ በዚህ ክረምት የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል እና ደም ልገሳ አስባችሁ ከየቱ እንጀምር ነው ያልከው። እኛ ደምበጫ ላይ አስራ አንድ ልጆች ሆነን መስራት ከጀመርን አምስተኛ አመታችን ነውና ያየሁትን ልንገርህ። ሦስቱም ይሰራል ግን ከሦስቱ የክረምት ስራ ያልሆነ አለ። ሁላችንም የምንጀምረው ትምህርት ሲዘጋ ስለሆነ ስራውን በእኛ እረፍት ነው የምንለካው፣ ቤቱ ግን የራሱ ወር አለው።

የመጀመሪያ ቤታችንን የሰራነው ነሐሴ ላይ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ናቸው፣ የቤታቸው ምርጊት በአንድ ጎኑ ረግፎ ማገሩ ይታያል። ጭቃውን ጠዋት አቡክተን ከሰአት መረግን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመርቀን ሄድን። በመስቀል ሰሞን እንኳን አደረስዎ ልንል ስንመለስ ግድግዳው ከውስጥ ሻግቷል፣ የታችኛው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተከምሯል፣ እሳቸው ደሞ ይድረቅልኝ ብለው ሌሊት ሌሊት እሳት ሲያነዱ ከርመው በጭሱ አይናቸው ቀልቷል። አንድ ቃል አልወቀሱንም፣ ልጆቼ በከንቱ ደከማችሁ ብቻ ነው ያሉት። ያቺን ቀን እስካሁን አልረሳኋትም።

የት ጋ እንደተሳሳትን ያሳዩን እድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲመርጉ የኖሩ የሰፈራችን አባት ናቸው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጥና ሦስት አራት ቀን ይተኛል፣ በየቀኑ ውሃ እያጠጡ እንደገና መርገጥ ነው፣ ጭዱ ለስልሶ ጭቃው መሽተት ሲጀምር ደረሰ ይባላል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሳይሰነጣጠቅ ሁለተኛው አይደረብበትም፣ ስንጥቁ ነው ሁለተኛውን የሚይዘው። ይሄ ሁሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ጭዱም ቢሆን ክረምት ላይ ለከብት የተቀመጠ ስለሆነ ገበሬው ይሳሳለታል፣ ውድማ ካለቀ በኋላ ግን ራሱ ጭኖ ያመጣልሃል። ስለዚ ጣሪያ ከሆነ ግንቦት ሳያልቅ፣ ግድግዳ ከሆነ ታህሳስ እና ጥር። አሁን ክረምቱ ገብቷል ካላችሁ ግን ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቅደዱ፣ ጎርፉ ግድግዳው ስር እንዳይተኛ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ ካለም ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ሁለቱን ቀይሩ። ቦይ ፎቶ ላይ አያምርም ግን እኛ እስካሁን ከሰራነው ብዙ ቤት ያዳነው እሱ ነው።

ደሞ አደራ የምልህ ነገር አለ። በእኛ አገር ደቦ ጠርቶ ሳያበሉ መስደድ ነውር ነው አይደል፣ እኚያ እማማ ለእኛ ጠላ ሊጠምቁ ሁለት ቁና ገብስ ተበድረው እንደነበር ከጎረቤት የሰማነው በኋላ ነው። ልንረዳቸው ሄደን እዳ ጨምረንባቸው መጣን ማለት ነው። ከዛ ወዲህ የእድሩ እናቶች እንጀራና ቆሎውን በየመሶባቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ጥሬ ቡናና ስኳር ደሞ እኛ እንይዛለን፣ ቆልተው የሚያፈሉት ግን የቤቱ እመቤት ናቸው። ምንም አያድርጉ ብትላቸው ቅር ይላቸዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ቤታቸው ቡና እንዲሸት ይፈልጋሉ።

ብሩን በተመለከተ በአንድ ልጅ አካውንት አትሰብስቡ፣ ልጁ ንፁህ ቢሆንም ወሬ ይነሳበታል። የምትችሉ ከሆነ ጭራሽ ብር አትቀበሉ። እኛ ለሰው የምንነግረው ይሄን ያህል ቆርቆሮ፣ ይሄን ያህል ኪሎ ምስማር ጎድሏል ብለን ነው፣ ሰጪው ራሱ ሱቁ ሄዶ ይከፍላል፣ እኛ እቃውን ብቻ እናነሳለን። መጀመሪያ ግን የእድር ዳኞቹን አናግሩ፣ ማን በእውነት እንደተቸገረ ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ አካፋና ዶማም አያጡም።

ደም ልገሳው ለዘጠኝ ልጅ በጣም የሚሆን ስራ ነው፣ ከሰው ጊዜ በቀር ምንም አይጠይቅም። እድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ይችላል። እኛ መጀመሪያ ላይ ያጠፋነው ሁሉንም ሰው በአንድ ቀን መጥራታችን ነው። ደም እኮ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ከ35 ቀን በላይ አይቆይም፣ ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው፣ ከቅበላ በፊት የተሰጠው ፋሲካ ሳይደርስ ጊዜው ያልፍበታል፣ በፆሙ ደሞ ሰው አቅም የለኝም ብሎ ይቀራል፣ ወላድ ግን በፆምም ትወልዳለች በፆምም ትደማለች። የደብራችን ቄስ አንድ አመት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ገብተው በልተው መጡና ቀድመው ክንዳቸውን ሰጡ፣ ከዛ በኋላ ሰዉን መለመን አላስፈለገንም። አሁን ለጋሾቻችንን በሦስት ከፍለን በየወሩ አንዱን ቡድን እንጠራለን፣ ስም ዝርዝሩን የምትይዘው አንዲት ጎበዝ ልጅ ናት።

ችግኙን ክረምት ላይ ስሩት፣ እሱ ወሩ ነው። ፕላስቲኩን ሳትቀዱ እንዳትተክሉ፣ ስሩ እዛው ተጠቅልሎ ይቀራል፣ እኛ የደረቀውን ስንነቅል ያገኘነው ጥቁር ፕላስቲክ ቁጥር የለውም። መንገድ ዳር የተተከለ ደሞ አዝመራ ተነስቶ ከብት ሲለቀቅ አንድ አይተርፍም። ሀምሳ ብቻ ለሀምሳ አባወራ በየአጥሩ ተክላችሁ ስጡት፣ ብሳና ወይ ዋንዛ ቢሆን ይሻላል፣ በበጋ ውሃ የሚያጠጣው የቤቱ ልጅ ነው።

አሁን አንተ ያየኸው ቤት የተጎዳው የቱ ጋ ነው፣ ጣሪያው ብቻ ነው ወይስ ቋሚውንም ምስጥ በልቶታል? ቋሚው ከተበላ ምርጊት ዋጋ የለውም፣ እንጨት ነው መለመን ያለባችሁ። ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ እኚያን አባት አሳይቼ እነግርሃለሁ።