ፖስታውን ክፈቱት፦ ስለ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መቅረት

ቨርጂኒያ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልጆች እዚሁ አስተምሬ ጨርሻለሁ። ጎበዝ እናት ነበርኩ ልላችሁ አይደለም። ስለ አንድ ፖስታ ልነግራችሁ ነው።

ያኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ነበር የምሠራው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ ልጄ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል፣ እኔ እተኛለሁ። ደብዳቤ ሲመጣ ማይክሮዌቩ ላይ እከምረዋለሁ። የመብራቱ፣ የስልኩ፣ የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያው፣ ሁሉም እዚያ ነው። «ቅዳሜ አየዋለሁ» እላለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ እንቅልፍም አለ። ከትምህርት ቤቱ የመጣው ፖስታ እዚያው ክምር ውስጥ ሰነበተ። ሁለተኛው ሲመጣ ነው የከፈትኩት። የስብሰባ ጥሪ ነበር።

ልጄን ይዤ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ ለስብሰባ ግን አይበቃም ነበር። አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ ሲሉኝ «ልጄ አለልኝ» አልኩ። ሴትዮዋ ወረቀት ዘርግታ ብዙ ተናገረች። ፊቷ ኮስተር ብሏል። መሃል ላይ «ፊፍቲን» ስትል ሰማሁ። ቁጥር አላጣም መቼስ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ከክፍሉ አሥራ አምስተኛ ወጥቷል ነው የምትለው።»

ደስ አለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ» አልኳት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ ልጁን ታያለች። ቢሮው ውስጥ የምትሠራ የሀገራችን ልጅ ነበረች፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሰምታለች። ተነስታ መጣችና «እትዬ፣ ልጅዎ አሥራ አምስት ቀን ቀርቷል ነው የሚሉዎት» አለችኝ። ልጄ ጫማውን ያያል።

ፎርፌ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከሰልፍ ያረፈደ ሰው ዘበኛው በሩን ይዘጋበታል፣ ያው እንደወጣ ይቀራል። ስም ሲጠራ ጓደኛው «አቤት» ይልለታል። ነገሩ ሲከፋ «ወላጅ አምጣ» ይባላል፣ ያኔ ደግሞ አንድ የሰፈር ጎረምሳ «ታላቅ ወንድሙ ነኝ» ብሎ ይቀርባል። ጉዳዩ በዩኒት ሊደሩና በአባት ቀበቶ መካከል ያልቃል። እዚህ ቀሪ የሚያዘው ኮምፒውተር ላይ ነው። ቁጥሩ ሲሞላ መምህሩ ቢራራም ባይራራም ሕጉ ራሱ ያስኬደዋል። የሚከስሱን ጠልተውን የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈላቸውን ነው የሚፈጽሙት።

የተጻፈው ምንድን ነው? እኔ የማውቀው የዚህን አካባቢ ስለሆነ የእሱን ልንገራችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ወላጅ ሳያውቅ አምስት ቀን የቀረ ልጅ ካለ ትምህርት ቤቱ ወላጁን በቀጥታ አግኝቶ የመፍትሔ ዕቅድ ማውጣት አለበት። ከዚያም በኋላ መቅረቱ ከቀጠለ ስብሰባ ይጠራል። ያም ካልሠራ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ልዩነቱ በዕድሜ ነው። ልጁ ከ5 እስከ 13 ዓመት ከሆነና ያለ በቂ ምክንያት 10 ሙሉ ቀን ከቀረ ጉዳዩ የሚላከው ለሕፃናትና ቤተሰብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። የሚጠየቁትም እናትና አባት ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ በራሱ ፎርፌ አይመታማ! ከ14 እስከ 17 ያለው ልጅ ግን 15 ቀን ሲሞላው ራሱ ወደ ፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ይላካል። ሜሪላንድ ውስጥ የሚታየው ከመቶኛ አንጻር ነው። በአንድ ወሰነ ትምህርት ወይም በዓመቱ ከትምህርት ቀናቱ ከ20 በመቶ በላይ ያለ ሕጋዊ ምክንያት የቀረ ልጅ «ልማደኛ ቀሪ» ይባላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ቁጥር አለ። በምክንያትም ይሁን ያለ ምክንያት የዓመቱን 10 በመቶ የቀረ ልጅ በሌላ መዝገብ ይያዛል። የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ነው ብትሉ 18 ቀን ማለት ነው። በወር ሁለት ቀን! አንድ ቀን ጉንፋን፣ አንድ ቀን የጥርስ ቀጠሮ፣ ከዚያ አጎት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ደለስ ኤርፖርት አብሮ መሄድ። የሐኪም ወረቀት ብታመጡም ቀኑ ከዚህኛው ቆጠራ አይወጣም። ወረቀቱ የሚያድናችሁ ከሕጉ ነው፣ ልጁ ያመለጠውን ትምህርት ግን አይመልስም።

አሁን ወደ ዋናው የኛ ችግር ልምጣ። ገናና ጥምቀት።

የዲሴምበር እረፍት ይደርሳል። ትኬት ተቆርጧል፣ ሻንጣው ሞልቷል። ልጆቹ አያታቸውን ሊያዩ ነው። እዚህ ትምህርት የሚከፈተው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጥምቀት 19። «ጃንሜዳን ሳያዩማ አይመለሱም» ይባላል። ከዚያ የአክስት ልጅ ሠርግ ይመጣል። ከጥምቀት በኋላ ትንሽ ቆየት ካላችሁ ወደ አሥራ አምስት የትምህርት ቀን ተጠጋችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በተከታታይ 15 የትምህርት ቀን የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል። ተሰረዘ ማለት ተባረረ ማለት አይደለም፤ ስትመለሱ እንደ አዲስ ታስመዘግባላችሁ። የቤት ኪራይ ውል አምጡ፣ የክትባት ካርድ አምጡ ትባላላችሁ። ውሉ በዘመድ ስም የሆነበት ሰው ያኔ ላብ ያጠምቀዋል።

አንድ ወዳጄ የደረሰበት ይህ ነው። የሄደው ለበዓል አልነበረም። እናቱ ታመውበት፣ ልጆቹን ላሳያቸው ብሎ ነው። አረፉ። አርባውን ሳያወጣ እንዴት ይምጣ? ሲመለስ ሁለቱም ልጆች መዝገብ ላይ የሉም። «ኀዘን ላይ ሆኜ ለትምህርት ቤት ኢሜይል ልጽፍ ነበር?» አለኝ። አዘንኩለት። ግን ለአሠሪው ጽፎ ነበር። ሥራው እንዳያመልጠው በሦስተኛው ቀን ከለቅሶው ድንኳን ወጥቶ መልእክት ልኳል። ትምህርት ቤቱን ግን ማንም አላስታወሰውም። የቤተሰብ ሞት በየትኛውም ትምህርት ቤት የሚታወቅ ምክንያት ነው። ሁለት መስመር ቢጽፍ ኖሮ ቢያንስ ሰዎቹ የሚያደርጉትን አብረውት ይመክሩ ነበር።

እኔ በነዚህ ዓመታት የተረዳሁት እዚህ ጋ ነው። እኛ ጥፋት ሲመጣ ዝም እንላለን። እናፍራለን፣ «ነገሩ ይብረድ» እንላለን። ሀገር ቤት ነገር ይበርዳል። እዚህ ዝም ያለ ወላጅ ልጁን የተወ ወላጅ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ፍርድ ቤት የደረሱ ሐበሾች አውቃለሁ። ፎርፌውን የመታው ልጅ ሁሉ ፍርድ ቤት አልደረሰም፤ የደረሱት ስልክ ያላነሱት፣ ስብሰባ የቀሩት፣ እንደ እኔ ፖስታ የከመሩት ናቸው።

ስለዚህ የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ ምክንያት፣ የመመለሻ ትኬቱ ይኸው በሉ። ሊፈቅዱም ላይፈቅዱም ይችላሉ። ባይፈቅዱ እንኳ ቁርጡን አውቃችሁ ትሄዳላችሁ። ከተቻለ ደግሞ በሰመር ሂዱ። ትኬቱ ይወደዳል፣ አዲስ አበባም ዝናብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልጆቻችሁ ቡሄ ጨፍረው ሙልሙል ይበላሉ። እሱንም ቢሆን የትምህርት ቤቱን ካላንደር ሳታዩ አትቁረጡ። በ2024 እዚህ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት የተከፈተው ኦገስት 19፣ ልክ የቡሄ ዕለት ነበር!

ለበዓሉ ቀን ብቻ ከሆነ አትጨነቁ። የሃይማኖት በዓል ሕጋዊ የመቅሪያ ምክንያት ነው። ገና ወይም ኢድ የትምህርት ቀን ላይ ቢውል፣ ለስቅለትም ሁልጊዜ ዓርብ ስለሆነ፣ ወረቀት ጽፋችሁ ታስቀራላችሁ። ወረቀቱን ግን ጻፉት። ዲሲ ውስጥ ልጁ ከተመለሰ በኋላ በአምስት የትምህርት ቀን ውስጥ ማስገባት አለባችሁ። «ክርስቲያን መሆናችንን ያውቃሉ» አይሠራም። የእነሱ ገና ዲሴምበር 25 ነው፣ የእኛን ማን ነገራቸው?

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ነገሩ በቀጥታ ኪሳችሁ ውስጥ ይገባል። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በአሥር የትምህርት ሳምንት ውስጥ አምስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ልጅ ወላጆቹን ያስቀጣል። በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 80 ፓውንድ፣ ከዚያ እስከ 28 ቀን 160 ነው። ለእያንዳንዱ ወላጅ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ። አባትና እናት ሁለት ልጅ ይዘው ቢሄዱ 320 ፓውንድ ብላችሁ አስሉት። «ትኬቱ በትምህርት ሰሞን ሲረክስ ቅጣቱን ይሸፍንልኛል» የሚል ብልጥ አይጠፋም። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲደገም ከመነሻው 160 ነው፣ ሦስተኛው ላይ ቅጣት የለም፣ ክስ ነው።

ሌላው የልጆቻችንን ቀን የሚበላው እኛው ነን። ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለን፣ ልጁን ከክፍል አስወጥተን እንወስዳለን፣ ያስተረጉማል። መንጃ ፈቃድ ቢሮ፣ ባንክ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ሁሉ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለእናቷ ስለ ማኅፀን ዕጢ ስታስተረጉም አይቻለሁ። ልጅቷ ቃሉን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አታውቀውም፣ ሆዷን እየነካች ታሳያለች። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለ፣ አማርኛም ሕጉ ከሚሸፍናቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ትምህርት ቤቶቹ ወረቀት በአማርኛ ተርጉመው ይልካሉ። ማለት ያለባችሁ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ብቻ ነው። ለትምህርት ቤት ስብሰባማ በፍጹም ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

በቅርቡ ልጅ ያስመጣችሁ ወላጆች ላይ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ልጁን ሀገር ቤት ከሴት አያቱ ጋር ትታችሁ ስምንት ዓመት ሠርታችሁ አመጣችሁት። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እዚያ 11ኛ ክፍል ነበር፣ እዚህ 9ኛ አስገቡት። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን ይቀመጣል። እናንተን ደግሞ ገና እየለመዳችሁ ነው። ጓደኛው ፓርኪንግ ሥራ ያዝልሃለሁ ብሎታል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲቀር ጩኸት አይመልሰውም። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚተኛ ከሆነ ሥራውን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዙሩለት። ካውንስለሩን አግኙና ያመጣው ትራንስክሪፕት በትክክል ተቆጥሮለት እንደሆነ ጠይቁ። ከሀገር ቤት የተማረው ሒሳብና ፊዚክስ ሳይያዝለት ሁለት ዓመት የደገመ ልጅ አውቃለሁ፤ ወላጆቹ አልጠየቁም፣ ማንም አልነገራቸውም። «ዕድሜው አለፈ» የሚላችሁን ሁሉ አትመኑ። ሜሪላንድ ውስጥ ለምሳሌ እስከ 21 ዓመቱ በነፃ የመማር መብት አለው።

የእኔ ልጅስ? ስብሰባው በአስተርጓሚ እንደገና ተደረገ። ለካ ጠዋት ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ይወጣል። ምክንያቱ አንድ የሒሳብ ክፍል ነበር፤ ወደኋላ ቀርቶ አፍሮ ነው። ከዚያ ሙሉ ቀኑን መቅረት ለመደ። ክፍሉን ቀየሩለት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አስጠኚ ሰጡት። እኔ ደግሞ ፓረንትቪው የሚባለውን አፕ ስልኬ ላይ አስጫንኩ። የትኛው ክፍለ ጊዜ እንደገባ፣ የትኛው እንደቀረ ቀለም እየለየ ያሳያል። ለአንድ ዓመት ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ልጅ ሲቀር ማታ ማታ በማሽን ይደውላሉ አይደል? «ልጅዎ ዛሬ ከአንድ ወይም ከዚያ በላይ ክፍለ ጊዜ ቀርቷል» የሚለው። እኔ ጋ አንድም ቀን ተደውሎ አያውቅም። ጠየቅኳቸው። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ስሜ አለ፣ አድራሻዬ አለ፣ ስልኩ ግን የልጄ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ፎርሙን «እኔ እሞላልሻለሁ፣ አንቺ ፈርሚ» ብሎኝ ነበር። ፈርሜያለሁ።