መልስ፦ የሚጨፍረው የኢኑዊት ድብ

በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝቦች የሚቀርጹት፣ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚጨፍር የሚመስለው የድንጋይ ድብ ለቱሪስት ተብሎ የተፈጠረ ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የዛሬው የድንጋይ ቅርጽ ገበያ የተስፋፋው ካናዳዊው ሠዓሊ ጄምስ ሂውስተን በ1948 እ.ኤ.አ. ወደ ኢኑዊት መንደሮች ከተጓዘ በኋላ ነው። ድቡ ግን ገበያውን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከኢኑዊት በፊት በዚያው ምድር የኖሩት የዶርሴት ባህል ሰዎች ዋልረስ ከሚባለው ትልቅ የባሕር እንስሳ ጥርስ ትንንሽ ድቦችን ይቀርጹ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ገላ ላይ አጥንቱን የሚያሳዩ መስመሮች ተጭረዋል። ለኢኑዊት አዳኝም ድብ ሥጋና ቆዳ ብቻ አልነበረም፤ ነፍስ ያለው፣ ከሞተ በኋላም ክብር የሚገባው ፍጡር ነበር።

የሚጨፍረውን ድብ ያስከበረው በሰሜን ካናዳ በኑናቩት ግዛት በኪንጋይት መንደር የኖረው ቀራጭ ፓውታ ሳይላ ነው። ያንን ሁሉ አረንጓዴ የሰርፐንቲን ድንጋይ በአንድ እግር ላይ ማቆም ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ያስቡት! ስለዚህ እባክዎ በፎቶግራፍ ብቻ አይፍረዱበት፤ ዙሪያውን እየተዞረ እንዲታይ የተሠራ ነው። ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ የቀራጩን ስምና መንደሩን ይጠይቁ፤ በፋብሪካ የሚመረቱ አስመሳዮች ብዙ ናቸው።