የአሮጌዋ ሆንዳ ዳዶ፦ ሞተር ለምትከፍቱ ልጆች

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ወጣት ፒካፕ ላይ የጫናትን ሆንዳ ይዞ ጋራዤ በር ላይ ቆመ።

“ጋሼ፣ ይቺ ነገር ትነሳለች?”

የአያቱ ናት። ሲጂ 125 የሚሏት ዓይነት። ከመቀመጫዋ እስከ ማርሚታዋ የዶሮ ኩስ ወርዶባታል። አያትየው ጡረታ ከወጡ በኋላ ዶሮ ቤት ጥግ ቆማ ነው የከረመችው። ሰልባትዮውን ስከፍተው የወጣው ሽታ የቤንዚን አልነበረም። ቤንዚን ዓመታት ሲቀመጥ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል።

ያኔ አላወቅኳትም። ያወቅኳት የፍሪሲዮኑን ክዳን ስከፍት ነው። እዚያ እደርሳለሁ።

ይህን የምጽፈው የአሮጌ ሞተር ፍቅር ለያዛችሁ ልጆች ነው። እዚህ ጎንደር ብዙ ናችሁ። መፍቻ ትገዛላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ትጀምራላችሁ። ደስ ይለኛል። እኛ የተማርነው በኩርኩም ነበር።

አንድ ነገር ላጥራ። በእኛ አማርኛ ሞተር ሳይክሉም ሞተር ነው፣ ውስጡ ያለውም ሞተር ነው። እኔ እዚህ ሞተር የምለው ውስጡ ያለውን ነው። ሌላዋን ሆንዳዋ እላታለሁ።

ሆንዳ ሲጂን ያወጣው በፈረንጆች 1976 ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ሲቢ 125ዎች ባልቦላዎቹን፣ የአየርና የጭስ በሮቹን፣ የሚከፍተው ካምሻፍታቸው ከላይ ነው፣ የሲሊንደሩ ክዳን በሆነው ቴስታታ ውስጥ። ጎበዝ ሞተሮች ናቸው። ግን ዘይት በጊዜው ካልተቀየረላቸው መጀመሪያ የሚበላው ካምሻፍቱ ነው። እንደ እኛ ባለ አገር ደግሞ ዘይት የሚቀየረው ሲታወስ ነው። ስለዚህ ሲጂ ላይ ካምሻፍቱን ወደ ታች አወረዱት፤ ባልቦላዎቹን በዘንግ እየገፋ እንዲከፍት አደረጉ። የካም ሰንሰለት የለ፣ የሰንሰለት ማጥበቂያ የለ። ቸልተኛ ሰው እንደሚነዳት ታስቦ የተሠራች ናት። እንዲህ ያለችውን ሞተር መግደል ችሎታ ይጠይቃል። እኔ ያ ችሎታ በ19 ዓመቴ ነበረኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልፈታሁም። መርገጫው ድርቅ ብሏል። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል። ልጁ “ዘልዬ ልርገጠው?” አለኝ። ከለከልኩት። የተጣበቀ ፒስተን በእግር ስትረግጡት የሚሰበረው የመርገጫው ጥርስ ነው፤ ካልሆነም ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ሲሊንደሩን ይልጠዋል። ካንዴላውን አወጣሁና ናፍጣና የሞተር ዘይት ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ በቀዳዳው አፈሰስኩ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የመጨረሻውን ማርሽ አስገብቼ የኋላ ጎማዋን በእጄ ወደፊት ወደኋላ እወዘውዛታለሁ። በአምስተኛው ቀን ትንሽ ተንቀሳቀሰች። በሰባተኛው ዞረች። ናፍጣው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራላችኋል፤ እናንተ ተኙ።

የጃፓን ብሎን ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጭንቅላቱ ላይ መስቀል አለው። ተራው ፊሊፕስ ካቻቪቴ የሚገባበት ይመስላል። አይደለም። ጃፓኖች ጂአይኤስ የሚባል የራሳቸው ስታንዳርድ አላቸው። ብዙዎቹ ብሎኖች ላይ ከመስቀሉ ጎን ትንሽ ነጥብ ታያላችሁ፤ ምልክቱ እሷ ናት። የፊሊፕስ ጫፍ የመስቀሉን ግርጌ ቀድሞ ይነካና ጎኖቹን ደህና አድርጎ አይዝም። ስታዞሩት ይንሸራተታል፣ መስቀሉን ይበላዋል። ትክክለኛውን ካላገኛችሁ የፊሊፕሱን ጫፍ በግራይንደር ትንሽ ቀንሱለት። ከመፍታታችሁ በፊት የብሎኑን ጭንቅላት አንድ ሁለቴ በመዶሻ መታ አድርጉት። መታ ነው ያልኩት። ድብደባ አይደለም።

የፈታችሁትን ብሎን ጣሳ ውስጥ አትወርውሩ። ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ በእርሳስ ሥሩ፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ካስገባችሁ አሉሚኒየሙ ይፈነዳል። ካርቶን በነጻ ነው፤ የተሰነጠቀ ካርተር፣ የሞተሩ ቤት፣ ግን ነጻ አይደለም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የፍሪሲዮኑን ክዳን ያነሳሁት።

እዚያ ውስጥ፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ክራንክ ሻፍት ጫፍ ላይ፣ ክብ የዘይት ማጣሪያ አለ። ወረቀት የለውም። ሲሽከረከር ቆሻሻውን ወደ ግድግዳው ይወረውራል፣ ዘይቱ ጠርቶ ያልፋል። ግድግዳው ላይ የሚቀረው ነገር የደረቀ ጭቃ ይመስላል፤ በካቻቪቴ ተፍቆ ነው የሚወጣው። ማጣሪያውን የሚይዘው አራት ጎድጎድ ያለው ክብ ዳዶ ነው። ተራ መፍቻ አይነካውም። የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል።

ዳዶው በመሮ ተነክሷል። የአራቱም ጎድጎዶች ጠርዝ ተልጧል። በአንዱ በኩል መሮው ስቶ ማጣሪያው ላይ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ ጥሏል።

ያቺን ጨረቃ አውቃታለሁ። የሠራኋት እኔ ነኝ።

በ1979 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። አለቃዬ ለቅሶ ሄዶ ብቻዬን ነኝ። ሆንዳዋ የመንግሥት ንብረት ነበረች። የሚነዷት አንድ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ወገራን ገጠር ለገጠር የሚዞሩባት። ፍሪሲዮኗ ይንሸራተታል ተብላ መጣች። እኔም አለቃዬ ሲመለስ ጨርሼ ልጠብቀው አልኩ። መሣሪያው ስለሌለኝ ዳዶውን በመሮና በመዶሻ ፈታሁት። ስገጥም ክዳኑ ሥር ገብቶ ዘይት የሚይዘው ጓርኒሲዮን ተቀደደብኝ። አዲስ የለም። ቀይ ሲሊኮን ነበረን፣ እሱን እንደ ቅቤ ለቀለቅኩበት። ዘይት ጠብ አላለችም። አለቃዬ መጥቶ አየና “ጎበዝ” አለኝ። ከእሱ አፍ ያቺን ቃል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ በጭነት መኪና ተጭና መጣች። ሞተሩ ውስጥ መዶሻ ያለ ይመስላል። ክፈት ተባልኩ፣ ከፈትኩ። ከሥር ያለችው የዘይት ወንፊት በቀይ ልጣጭ ተሸፍናለች፤ የቲማቲም ልጣጭ ነው የሚመስለው። ከክዳኑ ወደ ውስጥ ተርፎ የገባው ሲሊኮን ተቆርሶ ወርዶ የዘይቱን መንገድ ዘግቶታል። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ ኩሽኔታው ዘይት አጥቶ ተበልቷል። ልጣጩን ማንም ሳያየው ለቅሜ ኪሴ ከተትኩት።

“ያለ ዘይት ነድተዋት ነው” ተባለ። እኔ ዝም አልኩ። ጥገናው ከባለሙያው ደመወዝ ተቆረጠ።

ይኸው ነው የምነግራችሁ። መሮውን እረሱት፤ መሮ ጨረቃ ነው የሚተወው። ሲሊኮኑም ያለማወቅ ነው፣ ሁላችንም አንድ ነገር ሳናውቅ እናበላሻለን። ኪሴ የከተትኩት ግን አውቄ ነው። ስታበላሹ፣ ማበላሸታችሁ አይቀርም፣ ነገሩ ጠረጴዛው ላይ እያለ ተናገሩ። “ጋሼ፣ ይሄን እኔ ነኝ የሰበርኩት” ማለት አንድ ኩርኩም ነው። ቢበዛ ሁለት። ያልተናገራችሁት ነገር ዓመቱ ሲጨምር እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም። አሁን ጋራዤ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ የሰበረ ያሳየኛል፣ ያሳየ አይቀጣም። ሁለቴ የሰበረ ግን ሻይ ይገዛል።

ልጁን ያን ቀን ምንም አላልኩትም። መጀመሪያ የሚነገራቸው ሰው ሌላ ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ያን ዳዶ አሁን በመሮ አልፈታሁትም። ከወፍራም የውኃ ቧንቧ አንድ ቁራጭ ወስጄ ጫፉ ላይ አራት ጥርስ በሞረድ አወጣሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በ1979ም ቧንቧና ሞረድ ነበረን።

ፒስተኑን ስታወጡ መጀመሪያ የፒስተኑን ዘንግ ፈትሹ። በሁለት እጃችሁ ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች ሳቡት። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ጤና ነው። ላይና ታች ቅንጣት ታህል ቋ ካለ ኩሽኔታው አልቋል፤ ሌላውን ሁሉ አሳምራችሁ ብትሠሩት ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ይቺኛዋ ዝም አለች። የያኔው ጥገና ደህና ነበር ማለት ነው።

የሲጂ ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ 56.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሲበላ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ታሰፉትና በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 ወይም በ1.00 ተለቅ ያለ ፒስተን ታስገባላችሁ። ቁጥሩ ፒስተኑ ጭንቅላት ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የእሷ 0.50 ይል ነበር፣ ስለዚህ 0.75 ሆነች። ሲሊንደሩን ብቻ ይዛችሁ ቶርኖ ቤት አትሂዱ። መጀመሪያ ፒስተኑን ግዙ፣ ሁለቱን አብራችሁ ስጡ፣ ለዚያው ፒስተን ይስፋ። የቻይና ሞተሮች ሲጂን ስለገለበጡ ዕቃው እዚሁ ይገኛል። ጥራቱ ግን እንደ ዕድል ነው። እኔ በልክ እስከተገኘ ድረስ አሮጌ የጃፓን ባልቦላ ከአዲስ ስም የለሽ ይሻለኛል፤ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

ባልቦላውን መቀመጫው ላይ በመፈግፈጊያ ቅባት ከፈገፈጋችሁት በኋላ ቴስታታውን የጭስ መውጫው ወደ ላይ እንዲሆን አዙሩና በእሱ በኩል ቤንዚን አፍስሱ። ባልቦላው ሥር እርጥበት ከታየ እንደገና ፈግፍጉ። ሲገጠም የባልቦላው ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለሁለቱም። ልጆች ድምፅ ሲሰሙ ደንግጠው ያጠብቁታል። ተዉት። ትንሽ የምትንኳኳ ባልቦላ ትኖራለች። የተጨነቀችው ናት ድምፅ ሳታሰማ የምትቃጠለው።

ጎንደር ደግሞ ከፍታዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለጠረፍ የተሠራ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ስለዚህ ዋናውን ጂግለር፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ በአንድ ቁጥር እናሳንሳለን። ግን ከማሳነሳችሁ በፊት ባለቤቱን የት እንደሚነዳ ጠይቁት። ያቺው ሆንዳ መተማ ቆላ ብትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ በዚያ ሙቀት ላይ ፒስተኑ ይግላል። አንድ ደንበኛዬን እንዲህ አድርጌ ልሸኘው ነበር፣ “ነገ ሰሊጥ ልጭን ቆላ እወርዳለሁ” ባይለኝ።

የተቀየረውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ በላስቲክ ጠቅልዬ መቀመጫዋ ሥር አሰርኩ። ፒስተን 0.75፣ ጂግለሩ ስንት ቁጥር እንደነበረና ስንት እንደሆነ፣ ቀኑ። ከእኔ በኋላ የሚከፍታት ልጅ መገመት የለበትም።

እስከ አዘዞ ደርሼ ተመለስኩባት። አልጨከንኩባትም፤ ዳገት ላይ ትንሽ ጉልበት፣ ቁልቁለት ላይ እረፍት። ካንዴላውን አውጥቼ አየሁት፣ የቡና ቀለም ይዟል። ዘይቱን ወዲያው ቀየርኩ፣ አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱን ያቆሽሻል። ከዚያ ለልጁ ደወልኩና “እኔ ራሴ አደርሳታለሁ” አልኩት።

አያቱ በራፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እግራቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሳልቀመጥ፣ ቡናውም ሳይቀርብ ተናገርኩ። ዳዶውን፣ ሲሊኮኑን፣ ኪሴን። ልጁ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ጮኹ፤

“አንቺ፣ ያኔ በሆንዳዋ ስንት ነበር የቆረጡብኝ?”

“ሠላሳ ብር! አራት ወር!” አሉ ሴትዮዋ ከውስጥ፣ ትናንት የሆነ ይመስል።

“ሠላሳ ብር” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። “ያኔ ብር ነበር።”

“ነበር፣ ጋሼ።”

“እኔ እኮ ዘይቷን በየማለዳው ነበር የማየው።”

ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር። ቡናው መጣ። ጠጣን። ሁለተኛው ላይ “እስቲ አስነሳት” አሉኝ። በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ፣ ረጅም ሰዓት።

“ባልቦላዋ ትንሽ ትጮሃለች።”

“በቀዝቃዛው ለክቼ ነው ጋሼ፣ ልኳ ነው።”

“ለክተህ ነው። ግን ትጮሃለች።”

“ነገ ደግሜ አያታለሁ።”

“ዛሬ ከሰዓትስ?”

“መቀዝቀዝ አለባት። ሌሊቱን ትደር።”

“እንግዲያው ለቁርስ ድረስ” አሉኝ።