የእጅ ሬዲዮን ከመኪና አንቴናና ስፒከር ጋር ስለማገናኘት፦ ጥያቄና መልስ

ከሱሉልታ እስከ ገላን ባለው የአዲስ አበባ ዙሪያ በግንባታ፣ በጭነት ማመላለሻና በመንደር ጥበቃ ሥራ ላይ የተሰማራችሁ አባላት ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የእጅ ሬዲዮ የምለው ቁልፍ ተጭነን እየተቀባበልን የምንነጋገርበትን መሣሪያ ሲሆን፣ ሬዲዮዎቻችሁ ፈቃድ ያላቸው እንደሆኑ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በሱሉልታ መስመር ፒካፕ እነዳለሁ። መስኮት ካልከፈትኩ በቀር ሬዲዮው በቅጡ አይሰማም። የመኪናው የኤፍኤም አንቴና ጣሪያው ላይ ስላለ ገመዱን ከእርሱ ጋር ባገናኘውስ?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። እባክህ እንዳታደርገው። ያ አንቴና የተሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን ስርጭት ለመቀበል ብቻ ነው፤ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ሥሩ ትንሽ የሲግናል ማጉያ ስላለው፣ ከእጅ ሬዲዮ 5 ዋት ሲላክበት ማጉያው ሊቃጠል ይችላል፤ አንቴናው ያልተቀበለው ኃይልም ተመልሶ የሬዲዮውን ማስተላለፊያ ትራንዚስተር ያሞቀዋል። መስኮት ስትከፍት የሚሻልህ የመኪናው ላሜራ ሞገዱን ስለሚከልለው ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግህ ለምትሠራበት ፍሪኩዌንሲ የተሠራ፣ ከጣሪያ ላይ የሚቀመጥ አንቴና ነው። 300ን በሜጋኸርዝ ስታካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛለህ፤ ቀላሉ የመኪና አንቴና የዚያ ሩብ ነው። በ150 ሜጋኸርዝ 50 ሴንቲሜትር፣ በ450 ሜጋኸርዝ ደግሞ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልህ እንኳ በአንቴናው ወይም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍሪኩዌንሲ ሳታይ ገንዘብ አትክፈል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንቴናውን ብገዛ ከሱሉልታ ሆኜ ቃሊቲ ካለው መጋዘን ጋር መነጋገር እችላለሁ?

መልስ፦ በቀጥታ ይሆናል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም። በመካከላችሁ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር የሚያልፈው የእንጦጦ ተራራ አለ፤ በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ሞገዱ የሚሄደው በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ነው። አንቴናው ሜዳ ለሜዳ ያለውን ርቀት በእጅጉ ያሻሽላል፣ ተራራ ግን አያሻግርም። ለዚያ ከፍታ ላይ የተተከለና የተፈቀደ ሪፒተር፣ ማለትም ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ፣ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ አንቴናው የት ይቀመጥ? የእኛ መኪና ፖርቶመጋላ አለው። በተጨማሪም በግቢያችን ባጃጅ አለ።

መልስ፦ የሩብ ሞገድ አንቴና ግማሹ ዘንጉ ሲሆን ሌላው ግማሽ ከሥሩ ያለው ላሜራ ነው፤ ስለዚህ ተመራጩ ቦታ የጣሪያው መሐል ነው። ማግኔቱ የሚይዘው ብረት ላይ እንጂ አሉሚኒየምና ፋይበርግላስ ላይ አይደለም። ፖርቶመጋላ ላይ በማሰሪያ የሚታሰር ከሆነ፣ ማሰሪያው በቀለም ላይ እንዳያርፍና ብረት ከብረት ጋር እንዲነካካ ቀለሙን በጥቂቱ መፋቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አንቴናው ከሥሩ ላሜራ እንደሌለው ይቆጠራል። የባጃጅ ጣሪያ ሸራ በመሆኑ፣ ከሥሩ ላሜራ የማይፈልገውን የግማሽ ሞገድ አንቴና በብረት ፍሬሙ ላይ ማሰር ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአንቴናው ኬብል ጫፍ ከሬዲዮዬ ጋር አይገጥምም። መለወጫ ገዝቼ ነበር፤ ነገር ግን ሬዲዮው ሲነቃነቅ ድምፁ ይቆራረጣል።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የመኪና አንቴና ኬብል ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ፒኤል-259 በሚባለው ወፍራም ኮኔክተር ሲሆን፣ ብዙ የእጅ ሬዲዮዎች ደግሞ ኤስኤምኤ የሚባለው ትንሽ ኮኔክተር አላቸው። ኤስኤምኤውም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ ሬዲዮ መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ ወጥቶበታል፣ ሌላው ደግሞ መርፌ የሚቀበል ቀዳዳ አለው፤ ከመግዛትዎ በፊት በዓይንዎ ይመልከቱት። ወፍራሙን መለወጫ በቀጥታ ሬዲዮው ላይ ካሰሩት፣ የኬብሉ ክብደትና የመንገዱ ንዝረት ተደምሮ ኮኔክተሩን ከውስጥ ካለው ሰሌዳ ያላቅቀዋል፤ ድምፁ የሚቆራረጠውም ምናልባት መላቀቅ ስለጀመረ ነው። ስለዚህ በአንድ ጫፉ ኤስኤምኤ፣ በሌላው ወፍራሙን የሚቀበል ኮኔክተር ያለው፣ ስንዝር የሚያህል ቀጭንና ተለማጭ ኬብል በመካከል ያስገቡ፤ ወፍራሙን ኬብል ደግሞ ዳሽቦርዱ ሥር በማሰሪያ ያጥብቁት።

ስለ ኬብል ብክነትም ተጠይቄ ነበር። በተለመደው አርጂ-58 ኬብል 5 ሜትር ላይ፣ በ150 ሜጋኸርዝ ከ5 ዋት 4 ዋት ገደማ አንቴናው ጋ ይደርሳል፤ በ450 ሜጋኸርዝ ግን ወደ 3 ዋት ይጠጋል። ኬብሉ በበሩ ጎማ በኩል ሲገባ በር በተዘጋ ቁጥር እየተጨፈለቀ እንዳይበላሽ ጎማው ወፈር ያለበትን ጥግ ይምረጡ፤ ከመግባቱም በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንዲዞር ያድርጉት፤ የክረምቱ ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ወደ ጋቢና ከመግባት ይልቅ እዚያው ይንጠባጠባል።

ጥያቄ፦ የሲኖትራክ ድምፅ ሬዲዮውን ይውጠዋል። የበሩን ስፒከር ከቴፑም ከእጅ ሬዲዮውም ጋር ላገናኝ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ሁለቱን በአንድ ስፒከር ላይ አያገናኙ። በአብዛኞቹ የመኪና ቴፖች ሁለቱም የስፒከር ገመዶች ኤሌክትሪክ አላቸው፤ አንዱም ከቦዲ ጋር አይገናኝም። የሬዲዮዎ ገመድ ሲጨመርበት አንዱ የሌላውን ማጉያ ሊያቃጥል ይችላል። የበር ስፒከር ብዙውን ጊዜ 4 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ሲሆን፣ የእጅ ሬዲዮ የሚያወጣው ድምፅ ግን 1 ዋት እንኳ ላይሞላ ስለሚችል ይከብደዋል። ራሱን የቻለ ትንሽ የ8 ኦም ስፒከር ገዝተው ከጆሮዎ ከፍታ ላይ ቢሰቅሉት ከማንኛውም ዘዴ ይበልጣል። ነገር ግን ለሬዲዮዎ ሞዴል የተሠራ ይሁን፤ በብዙ ሬዲዮዎች በዚያው መሰኪያ የማይክና የማስተላለፊያ ቁልፉ መስመርም ስለሚያልፍ፣ ያልሆነ መሰኪያ ሬዲዮውን ሳያውቁት በማስተላለፍ ላይ ያስቀረዋል። ቴፑ ኦክስ (የውጭ ድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳ) ካለው በእርሱ ማስገባትም ይቻላል፤ ከዲናሞው የሚመጣ ፉጨት ከተሰማ በመሐል የድምፅ ትራንስፎርመር ይገባል።

ጥያቄ፦ ከመኪናው ባትሪ በቀጥታ ኃይል መስጠትስ?

መልስ፦ በፍጹም። የእጅ ሬዲዮ ባትሪ ብዙውን ጊዜ 7.4 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ትንሽ መኪና 14 ቮልት ገደማ፣ ሲኖትራክና አይሱዙን የመሰሉ የጭነት መኪኖች ደግሞ እስከ 28 ቮልት ይሰጣሉ። ለሬዲዮው የተሠራ የቮልት መቀነሻ ከነፊውዙ ይጠቀሙ፤ ለጭነት መኪና ከሆነ 24 ቮልት እንደሚቀበል በላዩ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ መለኪያ ከሌለን አንቴናው በትክክል መግጠሙን እንዴት እናውቃለን?

መልስ፦ በግምት አይታወቅም፤ ጥሩ መቀበሉ በደህና ለማስተላለፉ ማስረጃ አይሆንም። አንቴናው ሳይቀበል የሚመልሰው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ፣ የኤስደብሊውአር መለኪያ የሚባል መሣሪያ ካለው ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። ከ1.5 በታች ጥሩ፣ እስከ 2 የሚያሠራ ሲሆን፣ ወደ 3 ከተጠጋ ማስተላለፍ አቁመው ኮኔክተሩንና የማግኔቱን ቦታ ይፈትሹ። አንቴና ሳይገጠም ደግሞ የማስተላለፊያ ቁልፉ ለአንድ አፍታም አይነካ።

ጥያቄ፦ አንቴና መለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል ይባላል?

መልስ፦ የፍሪኩዌንሲና የመሣሪያ ፈቃድ የሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለድርጅታችሁ የተሰጠውን ፈቃድ አውጥታችሁ የተጻፈውን ኃይልና ፍሪኩዌንሲ አንብቡ፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ባለሥልጣኑን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ማግኔቱ ቀለም ይልጣል?

መልስ፦ የሚልጠው ማግኔቱ ሳይሆን በሥሩ የሚገባው አቧራ ነው። በኮረኮንች መንገድ የሚውል መኪና ከሆነ በየሳምንቱ አንስተው ጣሪያውንም የማግኔቱንም ሥር በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሲያነሱም ጎትተው ሳይሆን ወደ ላይ አዘንብለው ያላቁት።