ዓይናችን «ያመሰጥራል» ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ሃንድአውት ሳዘጋጅ «የዓይን ነርቭ ህዋሳት የተፈጥሮ እይታን ያመሰጥራሉ» ብዬ ጻፍኩ፣ ጓደኛዬ አይቶ ሳቀብኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ጓደኛሽ ቤተ ክህነት አካባቢ ያደገ ሳይሆን አይቀርም። እዛ ሰፈር «አመሰጠረ» ማለት የተሰወረውን ምስጢር ገልጦ አብራራ ማለት ነው፣ ሊቁ ንባቡን ያመሰጥራል ሲባል ይተረጉመዋል እንጂ ይደብቀዋል አይደለም። የኮምፒውተር ሰዎች ደግሞ «ምስጠራ» ብለው መረጃ ለመቆለፍ ወሰዱት፣ እና ያው አንዱ ቃል እዚያ ይፈታል እዚህ ይቆልፋል። ዓይን ግን ሁለቱንም አያደርግም እኮ!

እስቲ ሜዳ ላይ ቆመሽ አንድ ዋርካ ስታዪ አስቢው። ከጀርባው ያለው ሰማይ አንድ ወጥ ነው፣ አንዷን ነጥብ ካወቅሽ ጎረቤቷንም አወቅሻት። ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ባለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን 1 ሚሊዮን ገደማ ክር ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ እያንዳንዷን ነጥብ ልላክ ቢል መንገዱ አይበቃውም። የነርቭ ተመራማሪው ስቲቨን ኩፍለር በ1953 እ.ኤ.አ. ድመት ላይ እንዳሳየው መልእክት የሚልኩት ጋንግሊዮን ሴሎች እያንዳንዳቸው ትንሽዬ ክብ ቦታ ይጠብቃሉ፣ አንዳንዱ መሀሉ ላይ ሲበራ ይነቃል ዙሪያው ላይ ሲበራ ዝም ይላል፣ ሌላው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ከበራ መሀልና ዙሪያው ይጠፋፋል፣ እና ባዶ ሰማይ የደረሰው ሴል ብዙም የሚለው የለውም፣ የሚንጫጫው የቅርንጫፉ ጠርዝ ላይ ያለው ነው። የሚልኩትም ፎቶ ሳይሆን አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ነው። ሌላው የእይታ ተመራማሪ ሆራስ ባርሎው በ1961 እ.ኤ.አ. ይሄንን ተደጋጋሚውን እየቀነሱ መላክ ነው ብሎ አሰበው፣ ድሮ በቃል ብዛት ይከፈልበት እንደነበረው ቴሌግራም በይው።

ስለዚህ እኔ ብሆን «ወደ ኮድ ይቀይራሉ» እላለሁ። ባዕድ ቃል ነው ብለሽ አትፍሪ፣ ተማሪዎችሽ ታርጋ ላይ ኮድ 3 ሲያዩ መኪናዋ የንግድ መሆኗን ማንም ሳያስረዳቸው ያውቃሉ፣ እና ኮድ መደበቂያ ሳይሆን ብዙውን ነገር ባጭሩ መናገሪያ መሆኑ ገብቷቸዋል።

«ህዋሳት»ም ጣጣ አለው። በግዕዙ ስሜት ነው፣ አምስቱ ሕዋሳት ሲባል ማየት መስማት ማሽተት መቅመስ መዳሰስ ማለት ነው፣ የሳይንስ መማሪያው ነው በኋላ ለሴል የሰጠው። ስለ ጉበት ስትጽፊ ችግር የለውም፣ ስለ ዓይን ሲሆን ግን ሁለቱ ይምታታሉ፣ ሴል ብትይው ይሻላል። «የተፈጥሮ እይታ» ደግሞ ያለ መነጽር ማየት ይመስላል።

እንግዲህ «የሬቲና ነርቭ ሴሎች በዙሪያችን የምናየውን ወደ ኮድ ይቀይራሉ» ብለሽ ጻፊና ለጓደኛሽ አሳዪው፣ አሁንም ከሳቀ መልሰሽ ጻፊልኝ።