ኤጀንቱ «ተሳክቷል» ሲላችሁ

ይድረስ ለወጣት ፕሮግራመሮች፦

ሰሞኑን በኤጀንት (ትእዛዝ ተቀብሎ ሥራውን ራሱ የሚፈጽም፣ በኤአይ ሞዴል የሚሠራ ረዳት) የሚጠቀም አንድ ጀማሪ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ቀይርልኝ ብዬ ኤጀንቱን አዘዝኩት። ቀይሬ ኮንቴነሩንም (አፕሊኬሽኑ ለብቻው ታሽጎ የሚሠራበትን) ሪስታርት አድርጌያለሁ አለኝ። አፕሊኬሽኑ ግን አሁንም በአሮጌው ነው የሚሞክረው። ዋሽቶኝ ነው?»

አልዋሸም፤ ያለውን ሁሉ አድርጓል። የሚቆጨኝ ግን የማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ሁሉ «ዶት ኢንቭ ፋይል (.env፣ ቅንብሮች የሚጻፉበት) ውስጥ ጻፉት» ብለው ማለፋቸው ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋው (የተጻፈው ነገር፣ ለምሳሌ የይለፍ ቃሉ) በምን በኩል ወዴት እንደሚሄድ የሚነግር የለም።

ነገሩ እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ ሰባተኛው የዩኒክስ (የኮምፒውተር ሥርዓት) እትም ወዲህ አልተለወጠም። ፕሮሰስ (በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም) ሲነሳ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎቹን (ከውጭ የሚሰጡትን ስሞችና ዋጋዎች) ቅጂ ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ ውጭ ላይ የምትቀይሩት አይደርሰውም። ኮንቴነር ደግሞ አንድ ደረጃ ይጨምርበታል፦ ዶከር (ኮንቴነር የሚፈጥረውና የሚያስነሳው ፕሮግራም) የቫሪያብሎቹን ዝርዝር የሚይዘው ኮንቴነሩ ሲፈጠር እንጂ በተነሳ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ በኮምፖዝ (ኮንቴነሮችን በአንድ የቅንብር ፋይል በሚያስተዳድረው የዶከር መሣሪያ) «ዶከር ኮምፖዝ ሪስታርት» የሚለው ትእዛዝ ያንኑ ኮንቴነር ከነአሮጌው ዝርዝሩ አቁሞ መልሶ ያስነሳዋል። «ዶከር ኮምፖዝ አፕ ማይነስ ዲ» (docker compose up -d) ግን ቅንብሩ መለወጡን ሲያይ አሮጌውን አስወግዶ አዲስ ይፈጥራል። ለኤጀንቱ «ሪስታርት አድርግ» ሳይሆን «ኮንቴነሩን እንደገና ፍጠር» በሉት። ኩበርኔቲስ (ብዙ ኮንቴነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) ላይም ኮንፊግማፕ ወይም ሲክሬት (ቅንብርና ምስጢር የሚቀመጥባቸው) ብትቀይሩ፣ በቫሪያብል መልክ የገባው ዋጋ ኮንቴነሩ እንደገና እስኪፈጠር ድረስ ባለበት ይቆያል፤ የተለመደው መንገድ ፖዱን (ኮንቴነሩን የያዘውን ክፍል) መተካት ነው። በቫይት (የድረ ገጽ ኮድ ማዘጋጃ መሣሪያ) የተሠራ የድረ ገጽ ክፍል ከሆነ ደግሞ ዋጋው ቢልድ ሲደረግ (ኮዱ ለሥራ ሲዘጋጅ) ኮዱ ውስጥ ስለሚቀበር፣ እንደገና ቢልድ ካልተደረገ ለውጥ የለም።

ሌላው ወጥመድ ራሱ ዶት ኢንቭ ነው። ከኮምፖዝ ፋይሉ አጠገብ ያለው ዶት ኢንቭ ኮምፖዝ ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ክፍት ቦታዎች ይሞላል እንጂ በራሱ ኮንቴነር ውስጥ አይገባም። እንዲገባ «ኢንቫይሮመንት» ወይም «ኢንቭ ፋይል» በሚለው ክፍል መጠቀስ አለበት። ያው ስም ሼሉ (ትእዛዝ የምትጽፉበት) ላይ ቀድሞ ኤክስፖርት ተደርጎ (ዋጋ ተሰጥቶት) ከሆነ ደግሞ ክፍት ቦታውን የሚሞላው የሼሉ ነው። ኤጀንቱ ፋይሉን አሥር ጊዜ ቢያስተካክለው ምንም አይለወጥም፤ እናንተ ግን ሞዴሉን ትሰድባላችሁ። የዛሬ ልጆች የኤረሩን መልእክት ሳታነቡ ለኤጀንት መለጠፍ ትወዳላችሁ፤ ብዙ ጊዜ እኮ የጎደለው ቫሪያብል ስም እዚያው ተጽፏል።

ኮምፖዝ የሚሰጠውን የመጨረሻ ዋጋ «ዶከር ኮምፖዝ ኮንፊግ» ያሳያል፤ ኮንቴነሩ አሁን የያዘውን ደግሞ «ዶከር ኢንስፔክት»። ሁለቱም ምስጢሩን ገልጠው ስለሚያትሙ ግን ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚዎች የሚገለገሉበት ሥርዓት) ላይ ለኤጀንት አትፍቀዱ። ያነበበው ሁሉ ወደ ሞዴሉ ይሄዳል፣ በንግግሩ መዝገብም ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ ፈንታ ኮንቴነሩ ውስጥ የዋጋውን ሻ 256 (SHA-256፣ ዋጋውን ሳይገልጥ የሚለይ በሒሳብ የሚወጣ አሻራ) አስልቶ የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላትና አኃዞች ብቻ እንዲመልስ እዘዙት፤ እናንተም በእጃችሁ ካለው ጋር አመሳክሩ። ሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት መንገድ ይሰላ፤ መጨረሻ ላይ የምትገባ አንዲት የመስመር መቀየሪያ ውጤቱን ሁሉ ትለውጠዋለች። ይህ ረጅምና በዘፈቀደ ለተፈጠረ ቁልፍ ነው፤ አጭር የይለፍ ቃል በግምት ይገኛል። «ዶከር ኤግዜክ» (በሚሠራ ኮንቴነር ውስጥ ትእዛዝ ማስኬጃው) የሚያሳየው ደግሞ ለኮንቴነሩ የተሰጠውን ዝርዝር ነው፤ የመነሻ ስክሪፕቱ በኋላ የቀየረውን አያይም።

ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል (ኤጀንትን ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኝ ስምምነት) እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ከወጣ ወዲህ ቫሪያብል የሚዘረዝር፣ የሚጨምርና የሚሰርዝ መሣሪያ ለኤጀንት መስጠት ቀላል ሆኗል። ከመስጠታችሁ በፊት «አስቀምጥ» የሚለው መሣሪያ ከነባሩ ጋር ይቀላቅል እንደሆነ ወይም ዝርዝሩን በሙሉ ይተካ እንደሆነ አረጋግጡ። የሚተካ ከሆነ ኤጀንቱ አንድ ቫሪያብል ሲልክ የቀሩት 30 በዝምታ ይጠፋሉ፣ መልሱም «ተሳክቷል» ነው። ከለውጡ በፊትና በኋላ ስሞቹን ብቻ አስዘርዝራችሁ አወዳድሩ። መሰረዝና ፕሮዳክሽን ላይ መጻፍ ያለ ሰው ፈቃድ አይሁን። የምስጢሩን ዋጋ ሰው ራሱ ምስጢር ማከማቻው ውስጥ ያስገባ፤ ኤጀንቱ ስሙን ብቻ ይያዝ።

ይህን ሁሉ ስል በእጃችሁ ሥሩ ማለቴ አይደለም። 40 ቫሪያብል ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ (ለምሳሌ ከመሞከሪያው ወደ ፕሮዳክሽን) በእጅ ከሚገለበጥ፣ ስሞቹን ኤጀንት ቢያነጻጽር ይሻላል፤ ሰው ሲሰለቸው ይዘላል።

ቻት ላይ የተለጠፈ ቁልፍ ግን እንደወጣ ይቆጠር፣ ይቀየር። ቅደም ተከተሉም አዲሱን ማውጣት፣ ኮንቴነሩን እንደገና መፍጠር፣ በአሻራው ማረጋገጥ፣ ከዚያ አሮጌውን መሻር ነው። አዲሱ ቁልፍ የዶላር ምልክት ካለበትና ኮምፖዝ ፋይሉ ውስጥ በቀጥታ የሚጻፍ ከሆነ ምልክቱን ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ አለዚያ ኮምፖዝ ቀጥሎ ያለውን የቫሪያብል ስም መስሎት ባዶ ያደርገዋል።