ልጁስ ምን አለ? ስለ ወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ጥያቄና መልስ

ስለ ልጆችና ወጣቶች የአእምሮ ሕክምና የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከወላጅም፣ ከመምህርም፣ ከራሳቸው ከወጣቶቹም ብዙ ጥያቄ መጣ። ለማታውቁኝ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው። የጠያቂዎችን ስም አልጠቅስም፤ የማነሳቸውንም ታሪኮች ማንም እንዳይለይባቸው ለውጫቸዋለሁ።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ልጁን ሳያናግሩ ስለ ልጁ መወሰን ሕክምናውን ራሱን ያበላሻል። ይህን የምለው ዘመናዊ ለመምሰል አይደለም። የተጣለ ክኒን ስላየሁ ነው።

«ሲስተር፣ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ክትትል ስንሄድ ሐኪሙ "እናት፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን" አለኝ። ወልጄ ያሳደግኩት እኔ፤ ከእኔ የሚደበቅ ምን አለ?»

እኅቴ፣ ቅር ቢልዎት አይፈረድብዎትም። ግን አንድ ያየሁትን ልንገርዎት።

አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር መጣ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦታል። ሐኪሙ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለው። «ደህና ይተኛል» አሉ እናት። «መድኃኒቱንስ በደንብ ትወስዳለህ?» «እኔው ነኝ ጠዋት ጠዋት በእጄ የምሰጠው፤ አንድም ቀን አላቋረጠም» አሉ አሁንም እናት። ከዚያ እናት ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ልጁ ከጃኬቱ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሪስፐሪዶን የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ክኒኖች ናቸው፤ ምራቅ ነክቷቸው እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ጠዋት ሲወስደው አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። መምህሩ ተማሪ ፊት «ሌሊቱን ስትቅም አድረህ ነው?» ብሎታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላሱ ሥር ደብቆ፣ እናቱ ዞር ሲሉ ይተፋዋል። ሐኪሙ የሚወስድበትን ሰዓት ወደ ማታ አዞረለት፤ ልጁም መዋጥ ጀመረ።

ለምን ለእናቱ አልነገራቸውም? እንዳይደነግጡበት ነው። ልጅ ወላጁን ስለሚወድ የሚደብቀው ነገር ብዙ ነው።

የሚነገረን ምስጢር ግን ገደብ አለው፤ ለልጁም መጀመሪያውኑ እንነግረዋለን። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ ወይም እሱ ላይ ጥቃት የሚያደርስ ሰው ካለ ዝም አንልም። ለወላጅ ስንናገርም «እንነግራቸዋለን፤ አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ አብረን?» ብለን ነው። ከዚህ ውጭ ያለው፣ የወደዳት ልጅ፣ የተጣላው ጓደኛ፣ የፈራው ፈተና፣ እሱ ፈቅዶ እስኪነግርዎት የእሱ ነው። እርስዎም ለብቻዎ ከባለሙያው ጋር የሚነጋገሩበት ጊዜ ሊኖር ይገባል። ካልሰጡዎት ይጠይቁ።

«16 ዓመቴ ነው። ድባቴ አለብሽ ተብዬ ፍሉኦክሰቲን ታዘዘልኝ። ሲያወሩ የነበሩት ዶክተሩና አባቴ ናቸው። ዝም ብዬ ልዋጥ?»

የኔ ልጅ፣ ዝም ብለሽ አትዋጪ። ዝም ብለሽም አታቁሚ። ጠይቂ።

ጥያቄዎችሽን ስልክሽ ላይ ጻፊያቸውና ይዘሽ ግቢ። ይህ መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ? መቼ ይሻለኛል? ምን ምን ሊያደርገኝ ይችላል? ያለ መድኃኒት፣ በምክር ብቻ መጀመር ይቻል ነበር? እስከ መቼ እወስዳለሁ? ዶክተሩ ፊት አፍሽ ከተያዘ ስልኩን ስጪው፤ አንብቦ ይመልስልሽ።

የተወሰነውን እኔም ልመልስልሽ። ፍሉኦክሰቲን እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም። ለውጡ በደንብ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ይህ ያልተነገራቸው ልጆች በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ይተዉታል። መጀመሪያ አካባቢ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ሌላም ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. የድባቴ መድኃኒቶች በአንዳንድ ልጆችና ወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምሩ እንደሚችሉ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል። መድኃኒቱን ተዪው ማለት አይደለም፤ ብዙ ልጆች ተሽሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣብሽ ወይም ውስጥሽ እረፍት ካጣ፣ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ለአባትሽ ወይም ለሐኪሙ ንገሪ። ይህን አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅልሽ ነው? ስሜቱ ያለው አንቺ ጋ ነው።

የሕጉንም ልንገርሽ። እንደ ቤተሰብ ሕጉ 18 እስኪሞላሽ አካለ መጠን አልደረሽም፤ የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጠው ወላጅሽ ወይም አሳዳሪሽ ነው። ነገር ግን በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ላይ አንቺን በሚነካ ጉዳይ ሐሳብሽን የመግለጽ፣ ሐሳብሽም እንደ ዕድሜሽና እንደ ብስለትሽ ክብደት የማግኘት መብት አለሽ ይላል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ተቀብላዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ ስትጠይቂ እየተሟገትሽ ወይም እየደፈርሽ አይደለም።

«ልጅ ምን ጭንቀት አለበት? በልቶ ይተኛል። ነገሩን እያጋነናችሁት አይደለም?»

አይደለም ወንድሜ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ዕድሜ 18 ሳይሞላ ነው፤ አብዛኞቹ ግን በጊዜው አይታወቁም። ለታመመው በጊዜው እንድረስለት ካልን ከልጅ ጋር መነጋገር መቻል አለብን።

«ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ጎረቤት ሊገድለኝ ነው እያለ ቤት ዘግቶ ተቀምጧል። መታመሙንም አያምንም። እንዲህ ያለውን ምን ብለን ነው የምናማክረው?»

ከሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አንዳንድ ጊዜ ልጁ እንቢ እያለም ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግድ ይሆናል። ምግብ ካቆመ፣ መሣሪያ ካነሳ፣ ራሱን ሊጎዳ ካለ አይጠበቅም። ይህን እንደ ባለሙያ በግልጽ እናገራለሁ። ግን «ትልቁን ነገር መወሰን አይችልም» ማለት «ምንም አይጠየቅም» ማለት አይደለም። ያ ልጅ ማን አብሮት ቢሄድ እንደሚሻለው ያውቃል። አባቱን ፈርቶ አጎቱን ያምን ይሆናል። በታክሲ ወይስ በእግር፣ ጠዋት ወይስ ከሰዓት፣ ይህን መምረጥ ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ «ለዘመድ ጥየቃ ነው» እያለ አታልሎ ነው የሚያመጣው። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሰው ሁሉ እያሴረብኝ ነው ብሎ የሚያስብ ልጅ በገዛ ቤተሰቡ ሲታለል ፍርሃቱ ልክ ነበር ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ማንንም አያምንም። እኔ የምመክረው እውነቱን በአጭሩ መናገር ነው፦ «እንቅልፍ ካጣህ ሰንብተሃል፣ ፈርተሃል፣ እኛም ፈርተንልሃል፤ ሐኪም ጋ ልንሄድ ነው፤ እኔ ከአጠገብህ አልለይም።» ስለ ጎረቤቱ አትከራከሩት። ስለ እንቅልፉና ስለ ፍርሃቱ አውሩ፤ እዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትግባባላችሁ።

ሲሻለው ደግሞ ዋናው የመመካከሪያ ጊዜ ያ ነው። ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ሕመሙ ሲጀምርህ መጀመሪያ የሚታወቅህ ምንድን ነው? ያኔ ማን ቢነግርህ ትሰማለህ? ከመድኃኒቶቹ የትኛው ተስማማህ፣ የትኛው ሰውነትህን ገተረብህ? መልሱን ጽፋችሁ ቅጂውን ካርዱ ውስጥ አስቀምጡ። ዳግም ቢታመም እሱ በጤናው ጊዜ የተናገረው እሱን ወክሎ ይናገራል።

«ቤተሰቦቼ ጸበል ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ሆስፒታል መሄድ እፈልጋለሁ። እንዴት ላስረዳቸው?»

አንዱን ይዘሽ ሌላውን ጣይ አልልሽም። ጸበል እየሄዱ መድኃኒታቸውን የሚወስዱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በቁርአንና በዱአ የሚጽናኑም እንዲሁ። ቤተሰቦችሽን «ጸበሉን አልተውኩም፤ ሐኪምም ልይ» በያቸው። እንዲህ ሲሰሙ ብዙዎች ይለሰልሳሉ። የምታምኑት የንስሐ አባት ካሉ እሳቸውን አማክሪያቸው፤ የካህን ቃል ከእኔ ቃል ይልቅ ቤታችሁ ይሰማል።

ሁለት ነገር ግን አልደራደርበትም። አንቺ ሳትፈልጊ ታስረሽ ወይም በሰንሰለት ተይዘሽ መቆየት ሕክምናም እምነትም አይደለም። የጀመርሽውን መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

«ጤና መኮንን ነኝ። 17 ዓመት ለሆናት ልጅ ሶዲየም ቫልፕሮኤት ልንጀምርላት ነው። እናቷ ፊት ስለ እርግዝና ማንሳት ከበደኝ።»

ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ፤ ብዙዎቻችን ይህን አፍረን እናልፈዋለን። ለሚጥል በሽታና ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚታዘዘው ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከአካል ጉድለት ጋር ሊወለድ ይችላል። ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ እድገት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ልጅቷ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ስለዚህ ሌላ የሚሆናት መድኃኒት ካለ ከዚያ ጀምር። አማራጭ ከሌለ ለራሷ፣ ለብቻዋ ንገራት። «ጓደኛ አለሽ ወይ» ብለህ አትጀምር፤ እንደ ክስ ይሰማታል። «ይህን መድኃኒት ለሚወስዱ ሴቶች ሁሉ የምነግረው ነገር አለ» በልና ጀምር። ስለ እርግዝና መከላከያም በዚያው አንሳ። ለእናትየውም በልጅቷ ፈቃድ አስረዳ። ነገ ትዳር ስትይዝ መድኃኒቱን ቀድማ መለወጥ እንዳለባት ካልተነገራት ማን ይነግራታል?

«ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። የ13 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ከአማካሪ ጋር እንደምትነጋገር አሁን ሰማሁ። ያለ እኔ ፈቃድ ይቻላል? ደግሞ ቀጠሮ ላይ የምታስተረጉምልኝ እሷው ናት።»

ሜሪላንድ ውስጥ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ 12 ዓመት የሞላው ልጅ፣ ባለሙያው በቂ ብስለት አለው ብሎ ካመነ፣ በራሱ ፈቃድ የአእምሮ ጤና ምክር ማግኘት ይችላል። ባለሙያው ይጠቅማል ብሎ ካመነ ለወላጅ ሊነግር ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ሕጉ በየግዛቱ ስለሚለያይ ቨርጂኒያ ያለች እኅትዎ የምትነግርዎት ሜሪላንድ ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ሲሰሙ ደንግጠው ይሆናል። እኔ ግን ልጅዎ ተጨንቃ ሰው መፈለጓን እንደ ጤና ምልክት አየዋለሁ። «ለምን ደበቅሽኝ» ከማለት «ብቻሽን ስላልሆንሽ ደስ ብሎኛል» ይበሏት።

ማስተርጎሙ ግን ዛሬውኑ ይቁም። ልጅ የራሷን ሕመም ለእናቷ ስትተረጉም ታለሳልሰዋለች፣ ትቆርጠዋለች። ከአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ልጅን እንዲያስተረጉም ማድረግም አይፈቀድላቸውም። ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብለው ይጠይቁ። አስተርጓሚው የሚያውቁት ሰው ከሆነና ወሬው ይወጣል ብለው ከሰጉ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ እንዲሆንላችሁ ይጠይቁ።

«መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ መሞት እንደሚፈልግ ነገረኝና ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

መሐላው አይያዝህ። ዛሬውኑ ንገረው፦ «ይህን ብቻዬን አልይዘውም፤ ግን አንተን ሳልነግር ከኋላህ አላወራም። ለማን እንንገር?» ቤት ውስጥ የሚያምነው ሰው ይመርጥ። እስከዚያ ብቻውን አይሁን። ቤት ያሉት ሰዎች መድኃኒትና ፀረ ተባይ ኬሚካል ከእጁ ያርቁ፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም ይሂድ። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ነው የሚሉት።

«12ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። መድኃኒት ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ቀጠሮዬን የምትይዘው እናቴ ናት። ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ቢመድቡኝ ምን እሆናለሁ?»

ከአሁኑ ማሰብህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ልጅ ካምፓስ በገባ በጥቂት ወራት የሚያገረሽበት መድኃኒቱን የሚያስታውሰው እናቱ ስለነበረች ነው።

የሚቀጥለውን ቀጠሮ ብቻህን ግባ። እናትህ ኮሪደር ላይ ይጠብቁህ። የመድኃኒትህን ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና በቀን ስንቴ እንደምትወስድ በቃልህ ያዝ። ምደባው እንደታወቀ ሐኪምህን የሪፈር ወረቀት አጻፈው፤ ምን እንደታመምክ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳልተስማማህ ጭምር ይጻፍበት። እዚያ ከተማ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። ካርድ እስክታወጣ የሚበቃህ ክኒን ይዘህ ሂድ። ዶርም ውስጥ ለማን እንደምትነግር፣ ጭራሽ ላለመናገርም ቢሆን፣ ውሳኔው ያንተ ነው። እናትህ በየቀኑ እየደወሉ «ዋጥክ?» ይበሉህ ወይስ አይበሉህ የሚለውንም ሳትሄድ ተነጋገሩበት። አንዳንዱ ልጅ ይደወልልኝ ይላል፤ ሌላው ደግሞ በሳምንት አንዴ ይበቃኛል ይላል።